መኪና በመታጠፊያ ላይ ሲጮኽ

መኪና ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሲሄድ ብዙ ጉድለቱን ይሸሽጋል። ያለቀ ኩሽኔታ፣ የላላ ዳዶ፣ የተሰነጠቀ ሞላ፣ የተቀደደ የላስቲክ ሽፋን፣ እነዚህ ሁሉ በሞተሩ ድምፅና በነፋሱ ሽውታ ተውጠው ሳይታወቁ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ሊጓዙ ይችላሉ። መኪናው ወደ ጠባብ መታጠፊያ ሲገባ ግን፣ ይልቁንም ፍጥነቱ ከፍ ያለ እንደ ሆነ፣ የተሸሸገው ይወጣል። ቀድሞ ዝም ያለው ብረት ያጉረመርማል፤ ጎማው ይጮኻል፤ ከወለሉ በታች አንድ ነገር «ኳ» ይላል። ይህ ድምፅ ከምን እንደ መጣ ለይቶ ማወቅ የመካኒክ ሥራ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። መሪውን የጨበጠው ሰው ከመካኒኩ አስቀድሞ ይሰማዋልና፣ የሰማውን በትክክል መናገር የእርሱ ፈንታ ነው።

በአገራችን ይህ ጉዳይ ጎልቶ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የዓባይ በረሃ መንገድ ነው። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ደጀን የሚሄድ መንገደኛ በመጀመሪያ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ወርዶ ከድልድዩ ይደርሳል፤ ከዚያም ወዲያ ማዶ ያንኑ የመሰለ ዳገት ይጠብቀዋል። መንገዱ ርዝመቱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ የሚወርድና የሚወጣ ነው። እዚያ ላይ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪና ኩሽኔታ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። በሜዳ ላይ ወራት ሊታገሥ የሚችል ጉድለት በዚያ ቁልቁለት በአንድ ሰዓት ውስጥ ራሱን ሊገልጽ ይችላል፤ የሚገልጸውም አብዛኛውን ጊዜ በድምፅ ነው።

መታጠፊያ ላይ ምን እንደሚሆን ለመረዳት አስቀድሞ ስለ ኃይል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በመንቀሳቀስ ላይ ያለ ማንኛውም አካል የሚያስገድደው ኃይል ካላገኘው በስተቀር በቀጥታ መስመር መጓዙን አይተውም። መኪናም እንደዚሁ ነው። አሽከርካሪው መሪውን ቢያዞርም የመኪናው አካል ወደ ፊት ቀጥ ብሎ መሄድን ይሻል። ወደ መታጠፊያው መሐል የሚስበውን ኃይል ከመንገዱ የሚቀበሉት አራቱ ጎማዎች ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱም ጎማ አስፋልቱን የሚነካው ከመዳፍ እምብዛም በማይበልጥ ስፍራ ነው። የዚህ ኃይል መጠን የሚገኘው የመኪናውን መጠነ ቁስ በፍጥነቱ ካሬ አባዝቶ ለመታጠፊያው ሬዲየስ በማካፈል ነው። ለምሳሌ መጠነ ቁሱ 1,000 ኪሎ ግራም የሆነ መኪና ሬዲየሱ 25 ሜትር በሆነ መታጠፊያ ላይ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሴኮንድ 10 ሜትር ቢሄድ፣ የሚያስፈልገው ኃይል 4,000 ኒውተን ነው። ያው መኪና ፍጥነቱን በእጥፍ ቢጨምርና 72 ኪሎ ሜትር ቢያደርሰው፣ ኃይሉ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ሆኖ 16,000 ኒውተን ይደርሳል። የመኪናው ጠቅላላ ክብደት ግን 9,800 ኒውተን ያህል ብቻ ነው። ተራ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ ይህን ያህል የጎን ኃይል ሊሸከም ስለማይችል መኪናው መንገዱን ይስታል። በአንድ መታጠፊያ ላይ ሰላም ነው የተባለው ፍጥነት ትንሽ ሲጨመርበት ያን ያህል የሚያስደነግጠው ከዚህ የተነሣ ነው።

በአውቶቡስ ውስጥ ቆሞ የተጓዘ ሰው ሌላውን ነገር በሰውነቱ ያውቀዋል። አውቶቡሱ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ግራ ያጋድላል። የመኪናውም አካል እንዲሁ ስለሚያጋድል፣ ወደ ቀኝ በሚደረግ መታጠፊያ ላይ ጫናው በአብዛኛው የሚያርፈው በግራዎቹ ጎማዎች ላይ ነው፤ የቀኞቹ ቀለል ይላቸዋል። ወደ ግራ ሲታጠፍ ነገሩ ይገለበጣል። ይህች አንዲት ነጥብ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ስለሆነች፣ ቆየት ብለን ወደ እርስዋ እንመለሳለን።

ሦስተኛው ነገር የጎማዎቹ ጉዞ እኩል አለመሆኑ ነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት 1.4 ሜትር የሆነ መኪና ሙሉ በሙሉ ዞሮ ፊቱን ወደ መጣበት ቢመልስ፣ በውጭ በኩል ያለው ጎማ በውስጥ በኩል ካለው 4.4 ሜትር ያህል አስበልጦ ይጓዛል። የሚያስገርመው መታጠፊያው ሰፊም ሆነ ጠባብ ልዩነቱ ያው መሆኑ ነው፤ የሚፈልግ ሰው በክብ ስሌት ሊያረጋግጠው ይችላል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ድፍን ዘንግ ታስረው ቢሆን ኖሮ አንዱ መንሸራተት ግድ ይሆንበት ነበር። ይህን ችግር ለመፍታት ኦኔሲፎር ፔኩር የተባለ ፈረንሳዊ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820ዎቹ መጨረሻ ለእንፋሎት ሠረገላ ያሰበው መሣሪያ ዛሬ ዲፈረንሻል የምንለው ነው። በዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጥርሶች ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በየራሳቸው አይዞሩም ማለት ይቻላል፤ ሥራ የሚጀምሩት መታጠፊያ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጸጥ ያለ፣ ሲታጠፍ ብቻ ከኋላ የሚያጉረመርም ወይም የሚንቋቋ መኪና ካጋጠመ፣ ከሚጠረጠሩት መካከል እነዚህ ጥርሶች ይገኛሉ።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ። አማርኛ ለድምፅ ስም በማውጣት ረገድ ድኻ አይደለም። ጎማ ሲጥ ይላል፤ ኩሽኔታ ያጉረመርማል፤ ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ ይፋጫል፤ የላላ ነገር ይንቋቋል፤ የዘይት መግፊያው ያቃስታል። እነዚህ ቃላት እያንዳንዳቸው የተለየ ሕመም ይጠቁማሉ። ወደ ጋራዥ ገብቶ «መኪናዬ ይጮኻል» የሚል ሰው ለመካኒኩ ምንም አልነገረውም። «ወደ ግራ ሳዞር፣ ቀስ ብዬ ስሄድ፣ ነዳጅ ስሰጥ፣ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ እግሬን ከነዳጁ ሳነሣ ይተዋል» ያለ ግን የሥራውን ግማሽ ጨርሶለታል። ወደ የትኛው ጎን፣ በምን ፍጥነት፣ ነዳጅ ሲሰጥ ወይስ ሲነሣ፣ ፍሬን ሲያዝ ወይስ ሲለቀቅ፣ ድምፁ አንድ ጊዜ ነው ወይስ ይደጋገማል፣ ቢደጋገም ከጎማው ዙረት ጋር አብሮ ይፈጥናል ወይስ ከሞተሩ ጋር፤ አድማጩ ሊመልሳቸው የሚገቡት ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን መኪናውን ባዶ ማድረግ ይገባል። ነገሩ ቀላል በመምሰሉ የሚናቅ ነው እንጂ፣ በመታጠፊያ ላይ ከሚሰሙት ድምፆች ስንቶቹ ከዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ከሚንከባለል ጠርሙስ፣ በቅጡ ካልታሰረ ትርፍ ጎማ፣ ወይም ከወንበር ሥር ከተጣለ ክሪክ እንደሚመጡ የሚያውቀው ብዙ ዘመን በጋራዥ የኖረ ሰው ነው። ለሞላ ለውጥ ገንዘብ ከፍሎ ድምፁ ባለመጥፋቱ የተናደደ፣ ኋላም ጥፋቱ የራሱ ክሪክ ሆኖ የተገኘበት አሽከርካሪ ታሪኩን ለሰው ባያወራ አይፈረድበትም።

በፈጣን መታጠፊያ ላይ ጎልቶ የሚሰማው የጎማ ጩኸት ነው። ላስቲኩ አስፋልቱን ለአፍታ ይይዝና ይለቃል፤ እንደገና ይይዝና ይለቃል፤ ይህ በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ጆሮ የሚሰማው ሲጥ የሚል ድምፅ ይሆናል። ትርጉሙም ጎማው መያዝ የሚችለው መጠን ወደ ማለቁ ተቃርቧል ማለት ነው። በመጠነኛ ፍጥነት የሚጮኽ ጎማ ነፋሱ ያነሰ፣ ወይም ጥርሱ ያለቀ፣ ወይም የፊት እግሮቹ አቀማመጥ የተዛባ ሊሆን ይችላል። ይህን ጎሚስታው በነፋስ መለኪያ በጥቂት ደቂቃ ይለየዋል። በሲሚንቶ በተለሰነ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲዞር የሚሰማ ጩኸት ግን የወለሉ ልስላሴ ያመጣው ነውና አያሳስብም።

ወደ ኩሽኔታው ስንመጣ ነገሩ ጠለቅ ይላል። ኩሽኔታ ጎማው በሞዞው ላይ ሳይፋተግ እንዲዞር የሚያደርግ፣ በሁለት የብረት ቀለበቶች መካከል ጥይት መሳይ ኳሶች ወይም በርሜል መሳይ ብረቶች የተደረደሩበት ክፍል ነው። ግራሶው ሲደርቅ ወይም ውኃና አሸዋ ሲገባበት፣ ልሙጥ የነበረው የብረቱ ገጽ ይቦረቦራል። ያን ጊዜ ጎማው በዞረ ቁጥር ከሩቅ እንደሚሰማ ወፍጮ ያለ ጉርምርምታ ይጀምራል። ድምፁ ከመኪናው ፍጥነት ጋር ይጨምራል እንጂ ማርሽ በመቀየር አይለወጥም። ኩሽኔታው ጫና በበዛበት መጠን ጉርምርምታው ስለሚበረታ፣ መታጠፊያ ላይ ከሁለቱ ጎኖች በአንዱ ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ይላል።

ስለዚህ ጉዳይ ደጀን ከተማ ላይ የሆነውን መጥቀስ ይጠቅማል። አንድ በዕድሜ የገፉ አሽከርካሪ በፒክአፕ መኪናቸው ጤፍ ጭነው ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ፣ ወደ ቀኝ ባዞሩ ቁጥር ከፊት በኩል ጉርምርምታ ይሰማቸው ነበር። ከጥቂት ቀናት በፊት ሌላ ስፍራ ይህንኑ ተናግረው፣ «ወደ ቀኝ ሲዞር ከጮኸ የቀኙ ነው» ተብለው የቀኙን ኩሽኔታ አስለውጠዋል፤ ድምፁ ግን እንደ ነበረ ነው። ደጀን ሲደርሱ ጊዜው ወደ ማታ ተቃርቦ ነበር። አጠገባቸው ሁለት ሰዎች ተሳፍረዋል፤ ጤፉን የሚረከበው ነጋዴ በማግስቱ ማለዳ ይጠብቃቸዋል፤ ፊት ለፊታቸው ያለው ደግሞ የዓባይ ቁልቁለት ነው። ለማናቸውም ብለው ከአንድ ትንሽ ጋራዥ ገቡ።

እዚያ የነበረው ወጣት መካኒክ ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ የግራውን እግር በክሪክ ማንሣት ጀመረ።

«አንተ ልጅ፣» አሉት ሽማግሌው፣ «ወደ ቀኝ ሳዞር ነው የሚጮኸው እያልኩህ ግራውን ታነሣለህ?»

«ጋሼ፣ ሰምቼዎታለሁ፤» አለ ወጣቱ። «ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ጤፉ ወዴት ያጋድላል?»

«ወደ ግራ ነዋ።»

«እንግዲያውስ ሸክሙን የተቀበለው ግራው ነው። የሚጮኸውም ሸክም የበዛበት ነው።»

ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ከተደረገ፣ የተነሣውም እግር ከክሪኩ ሌላ በጠንካራ ድጋፍ ከተያዘ በኋላ፣ ወጣቱ ጎማውን ከላይና ከታች ጨብጦ ወዘወዘው። ጎማው ገባ ወጣ አለ፤ በውስጡም «ቋ» የሚል ስሜት ለእጅ ደረሰ። ቀጥሎ አንድ እጁን በሞላው ላይ አሳርፎ ጎማውን በሌላው አሽከረከረው። ደኅና ኩሽኔታ በሞላው ላይ ምንም አይሰጥም፤ የተቦረቦረ ከሆነ ግን ንዝረቱ በጣት ይታወቃል። ሽማግሌውን ጠርቶ እርሳቸውም እንዲነኩት አደረገ። ሲነኩት ምንም አልተናገሩም፤ ለተሳፋሪዎቹ ብቻ፣ «ውረዱ፣ ዛሬ አንሄድም» አሏቸው።

ኩሽኔታው ከደብረ ማርቆስ እስኪመጣ ማደር ግድ ሆነ። ነጋዴው በስልክ ተቆጣ፤ ከተሳፋሪዎቹ አንዱም ቀስ ብሎ መውረድ እንደሚቻል ሲከራከር አመሸ። ክርክሩ ፈጽሞ ውሃ የማያነሣ አልነበረም፤ የሚያጉረመርም ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ ለረጅም መንገድ ይዘልቃል። የግራው ኩሽኔታ ግን ከማጉረምረም አልፎ ላልቶ ነበር። የላላ ኩሽኔታ በጫና ሲግል ግራሶው ይቀልጣል፤ ብረቱ ይያያዛል፤ የመጨረሻው ደረጃ ጎማው ከነሞዞው መውጣት ነው። በቁልቁለት ላይ ደግሞ የፍሬኑ ግለት በዚያ ላይ ይጨመርበታል።

ይህን የጫና ደንብ ፈጽሞ የማይሳሳት አድርጎ መያዝ ግን ተገቢ አይደለም። ከአንዳንድ ኩሽኔታዎች ጉዳቱ በአንድ ጠርዝ ላይ ስለሚሆን ድምፁ በተቃራኒው ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ደንቡ የት መጀመር እንዳለብን ይነግረናል፤ ፍርዱን የሚሰጠው እጅ ነው።

ሁለተኛው የታወቀ ድምፅ ጠቅ ጠቅ የሚለው ነው። ይህ በተለይ ሞተራቸው የፊት ጎማዎችን በሚያዞርባቸው መኪናዎች ላይ የሚሰማ ነው። የፊት ጎማ አንድም መሽከርከር፣ አንድም ወደ ግራና ቀኝ መታጠፍ፣ ደግሞም ከመንገዱ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች መውጣት መውረድ ስላለበት፣ ኃይሉን የሚያደርስለት ዘንግ ሳይቆራረጥ እየታጠፈ መዞር ይኖርበታል። ለዚህ የሚያገለግለው ሲቪ ጆይንት የሚባለው መገጣጠሚያ ነው። ዛሬ በአብዛኛው የምናየውን ዓይነት አልፍሬድ ርዜፓ የተባለ መሐንዲስ በ1920ዎቹ ፈለሰመው፤ በውስጡ ስድስት የብረት ኳሶች በተቦረቦሩ መስመሮች ላይ ይንሸራተታሉ። ግራሶው እንዳይፈስ፣ አቧራም እንዳይገባ የአኮርዲዮን ቅርጽ ያለው የላስቲክ ሽፋን ይለብሳል። ሽፋኑ ዋጋው ትንሽ ነው። ሲቀደድ ግን ጎማው በዞረ ቁጥር ግራሶው ወደ ውጭ ይረጫል፤ በምትኩ አሸዋ ይገባል፤ ኳሶቹም መስመራቸውን ይበሉታል። ከዚያ በኋላ መሪው እስከ መጨረሻ ዞሮ ነዳጅ ሲሰጥ ኳሶቹ እየዘለሉ ጠቅ ጠቅ ይላሉ። ምልክቱን ለማየት መፍታት አያስፈልግም፤ መሪውን አዙሮ ከጎማው ጀርባ ማየት ይበቃል። የቸርኬው ውስጠኛ ገጽ በጥቁር ግራሶ ተለቅልቆ ከተገኘ ሽፋኑ ተቀዷል።

እዚህ ላይ የመኪናውን ዓይነት ማወቅ ከከንቱ ድካም ያድናል። ለብዙ ዘመን የአዲስ አበባ ታክሲ ሆነው ያገለገሉት ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች ኃይል የሚቀበሉት በኋላ ጎማዎቻቸው ስለሆነ፣ በፊታቸው ሲቪ ጆይንት የሚባል ነገር የለም፤ ፊታቸው ጠቅ ጠቅ ካለ ሌላ ምክንያት መፈለግ ነው። በቶዮታ ቪትዝ ላይ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርሱ ነው። አራቱም እግሮቻቸው በሚሠሩ የቀድሞ ዓይነት የገጠር መኪናዎች ላይ ደግሞ አንድ ልዩ ነገር አለ። አሽከርካሪው ከጭቃ ሲወጣ የፊቱን ኃይል ማላቀቅ ረስቶ በደረቅ አስፋልት ላይ ጠባብ መታጠፊያ ቢይዝ፣ የፊትና የኋላ ጎማዎች የተለያየ ርቀት መሄድ ሲፈልጉ ማርሹ ስለሚያስራቸው መኪናው ይንገጫገጫል፤ ጎማው እየዘለለ ይጮኻል። ጉድለት የለበትም፤ ማላቀቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

የቀሩትን ባጭሩ ማለፍ ይቻላል። ወደ መታጠፊያው ሲገባ አንድ ጊዜ፣ ሲወጣም አንድ ጊዜ «ኳ» የሚል ድምፅ ብዙ ጊዜ ከእግሮቹ መገጣጠሚያዎች ይመጣል፤ ያለቀ ጎሚኒ፣ የላላ ቴስቲና፣ ማጋደልን የሚከላከለው ዘንግ ማያያዣ፣ ወይም የአሞርዛተሩ የላይኛው መያዣ ሊሆን ይችላል። የጭነት መኪና ከሆነ ባሌስትራውን የሚያስሩት ብሎኖች አብረው ይታያሉ። መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር የሚያቃስት መኪና፣ በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ያለው ከሆነ፣ ዘይቱ መጉደሉን ይጠቁማል፤ በመጨረሻዋ ነጥብ ላይ ብቻ የሚሰማ ትንሽ ፉጨት ግን ግፊቱን የሚያስተነፍሰው ክፍል ሥራ ስለሆነ የተለመደ ነው። ሰፋ ያለ ጎማ ያስገባ ሰው ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ሲፋተግ ሊሰማ ይችላል። ከጠጠር መንገድ ወጥቶ ወዲያው የሚያንቋርር፣ የሚፋጭ፣ ጆሮ የሚሰነጥቅ ድምፅ ያሰማ መኪና አብዛኛውን ጊዜ በፍሬን ዲስኩና በቆርቆሮ መከላከያው መካከል ጠጠር ይዟል፤ ድምፁ እጅግ አስፈሪ፣ ነገሩ ግን እጅግ ትንሽ ነው።

የማይታለፉ ሁለት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው ከሞተሩ የሚመጣው ነው። የሞተሩ ዘይት ከልኩ ካነሰ፣ በረጅምና ፈጣን መታጠፊያ ላይ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ስለሚሸሽ መምጠጫው አየር ይስባል። የዘይቱ መብራት ለአፍታ ብልጭ ይላል፤ ሞተሩም ደረቅ ኳኳታ ያሰማል። መንገዱ ሲቀና ሁለቱም ስለሚጠፉ አሽከርካሪው ይረሳዋል፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ግን የሞተሩ የውስጥ ቡሾች ያለ ዘይት እየተፋተጉ ነው። ቆም ብሎ የዘይት መለኪያውን ስቦ ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሁለተኛው የጎማ ዳዶ መላላት ነው። ጎማ ከተለወጠ ወይም ከተጠገነ በኋላ መታጠፊያ ላይ የሚጀምር ኳኳታ፣ ከመሪ መንቀጥቀጥ ጋር ሲመጣ፣ ሌላ ምክንያት ሳይታሰብ ወዲያው መቆምን ይጠይቃል። ዳዶዎቹ በኪያቤ አንድ በአንድ ይፈተሻሉ። አዲስ የታሰረ ጎማ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ እንደገና ማጥበቅ ከዚህ የመጣ ልማድ ነው።

ድምፅን ለመፈተን ተብሎ በሕዝብ መንገድ ላይ በፍጥነት መታጠፍ አይገባም። ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ በሰዓት 10 ወይም 15 ኪሎ ሜትር እየሄዱ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ፣ አንድ ጊዜ ወደ ግራ ክብ መዞር ሲቪ ጆይንትን፣ ዲፈረንሻልንና መገጣጠሚያዎችን ለመለየት ይበቃል። ለኩሽኔታው ፍጥነት ስለሚያስፈልግ፣ ቀጥ ባለና ባዶ በሆነ መንገድ መሪውን በመጠኑ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያጋደሉ ማዳመጥ ይሻላል። ድምፁ የሞተሩ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ፍሪሲዮን ረግጦ ለአፍታ መንሸራተት ይቻላል፤ ይህ ግን በሜዳ ላይ ብቻ ነው። በቁልቁለት ላይ ማርሽ ማውጣትም ሆነ ሞተር ማጥፋት መኪናውን ለፍሬኑ ብቻ አሳልፎ መስጠት ነው። የሚቻል ከሆነ የሚያዳምጠው ሌላ ሰው ይሁን፤ የሚነዳው ዓይኑን ከመንገዱ አያንሣ። ከመንገድ ሲደርሱ የግራውንና የቀኙን ሞዞ ግለት ማወዳደርም ይረዳል፤ እጅን ከማሳረፍ በፊት ግን ከሩቅ መዳሰስ ያስፈልጋል። ሁለቱም በፍሬን ምክንያት ሞቀው ሊገኙ ይችላሉ፤ የሚፈለገው ልዩነቱ ነው።

ወደ ደጀን እንመለስ። ኩሽኔታው በማግስቱ ረፋድ ላይ ደረሰ፤ ወጣቱ ሞዞውን አጥቦ፣ አዲስ ግራሶ ሞልቶ አሰረው፤ ልክ እስኪመጣ ድረስም አጥብቆ፣ አላልቶ፣ እንደገና አጠበቀ። ሽማግሌው መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው ራዲዮውን ዘጉና መውረድ ጀመሩ። በመጀመሪያው የቀኝ መታጠፊያ ላይ ማንም አልተናገረም። በሁለተኛውም እንዲሁ። ጉርምርምታው የለም። ሦስተኛው ላይ ግን ከወንበሩ በስተኋላ «ኳ» አለ፤ ሁሉም ተያዩ። ሽማግሌው ዳር ይዘው ቆሙ፤ ወርደው የሁለቱን ፊት እግሮች ሞዞ መረመሩ፤ ሁለቱም እኩል ለብ ብለዋል። በመኪናው ሥር አጎንብሰው አዩ፤ ምንም የለም። ማታ ስለ መውረድ ይከራከር የነበረው ተሳፋሪ ያን ጊዜ እጁን ከወንበሩ ኋላ ሰደደና፣ በጥድፊያ ሳይታሰር የተጣለውን ክሪክ አወጣ። በቁራጭ ገመድ አስረውት ወደ ድልድዩ ወረዱ።